የጸዳ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

(ስለ ድንጋይ ከሰል፣ ስለ አመዱና ስለ ኃላፊነት)



በቋንቋችን «ንጹሕ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የታጠበ ልብስ ንጹሕ ነው እንላለን፤ በደል ያልተገኘበትንም ሰው ንጹሕ ነው እንላለን። የመጀመሪያው የእድፍ አለመኖር ነው፤ ሁለተኛው የጥፋት አለመኖር ነው። ሁለቱ አንድ ስም ስለ ተጋሩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ይሁን እንጂ ዳኛ ፊት የቀረበ ተከሳሽ እጁን በሳሙና ታጥቦ በመምጣቱ ብቻ በነጻ እንደማይሰናበት ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን የቃል ጉዳይ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በንባብ ክበባችን ሰሞኑን «ንጹሕ የድንጋይ ከሰል» ስለሚባለው ነገር ብርቱ ክርክር ሲካሄድ ሰንብቷል። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፤ «ከሰሉ በዘመናዊ ምድጃ በሚገባ ከተቃጠለ፣ ጭሱ ከተጣራ፣ አመዱም ሲሚንቶና ጡብ ሆኖ ቤት ከተሠራበት፣ ከዚህ በኋላ ምን በደል ቀረ? የሚጣል ነገር ከሌለ የሚከሰስም የለም።» ሌላው ወገን ደግሞ፤ «ከሰል ምን ጊዜም ከሰል ነው። አመዱን ጡብ ማድረግ ሌባን ካባ እንደ ማልበስ ነው» ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ለክርክሩ መርዘም ምክንያቱም ይኸው ነው።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የሥራውን ትርፍራፊ ለጥቅም ያዋለ ሰው፣ ስለ ሥራው ከመጠየቅ ይድናልን? መነሻችን የድንጋይ ከሰል ይሁን እንጂ፣ ጥያቄው የድንጋይ ከሰል በዓይኑ አይቶ በማያውቅ ሰው ደጅም ይቆማል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እሳቱና አመዱ

የምንከራከርበትን ነገር ሳናውቅ ብንፈርድ ፍርዳችን ከሐሜት አይሻልምና፣ በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። በምድጃችን የምናነደው ከሰል እንጨት ታፍኖ ሲከስል የሚገኝ ነው። የድንጋይ ከሰል ግን በረግረግ የወደቁ ዕፀዋት በሚሊዮን በሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ በአፈር ተጭነው፣ ተጨምቀውና ሞቀው የሆኑት ነው። በረግረጉ ውስጥ የነበረው ጭቃና አሸዋም አብሮ ተቀብሯል፤ ድኝም አለበት። የሚነደው ነዶ ሲያልቅ፣ የማይነደው ጭቃና አሸዋ አመድ ሆኖ ይቀራል። መጠኑ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በሕንድ አገር ከሚቈፈረው ከሰል አብዛኛው ከመቶ ከ30 እስከ 45 እጅ አመድ ነው። እንግዲህ እዚያ ሦስት ፉርጎ ከሰል ሲነድ፣ አንድ ፉርጎ ሙሉ አመድ የሚያስቀምጡበት ቦታ ይፈለጋል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ከሰሉ እንደ ዱቄት ይፈጭና ከአየር ጋር ወደ እሳቱ ይነፋል። የሚፈጭበት ምክንያት እያንዳንዱ ቅንጣት አየር አግኝቶ ተሟጥጦ እንዲነድ ነው፤ አየር ያጣ እሳት እንደሚጨስ በምድጃችን በየቀኑ የምናየው ነገር ነው። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በእጅጉ ስለሚበልጥ፣ ከከሰሉ ጋር ያለው ጭቃ ይቀልጣል። ከጭሱ ጋር ሲወጣም ቀዝቅዞ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ይሆናል። ይህ በራሪ አመድ ይባላል። ካልተያዘ በጭስ ማውጫው ወጥቶ በሰው ሳንባ ይገባል። የሚያዘውም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ብረት ሳሕኖች እንዲሳብ በማድረግ፣ ወይም እንደ ወንፊት በሚያገለግሉ ትላልቅ የጨርቅ ከረጢቶች ነው። ድኙ ደግሞ ጭሱ በኖራ ድንጋይና በውኃ ሲታጠብ ጂፕሰም ይሆናል፤ ከእርሱም የግድግዳ ሰሌዳ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር በእውነት የሚደነቅ ነው። ሲሚንቶ በውኃ ሲለወስ ከውስጡ ኖራ ይለቃል። በራሪው አመድ ብቻውን አይጠነክርም፤ ያን ኖራ ሲያገኝ ግን ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ቀስ በቀስ እንደ ድንጋይ ይሆናል። የጥንት ሮማውያን ይህን ምሥጢር ያውቁት ነበር፤ የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር እያዋሐዱ ይገነቡ ነበር። በሮም ከተማ ያለው የፓንቴዎን ጣራ እስከ ዛሬ ወደ 1,900 ዓመት ቆሟል። በአገራችንም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው በሲሚንቶ ይቀላቅላሉ፤ የሥራው ጠባይ አንድ ነው።

ጥቅሙም የገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ተጠብሶ ነው። በዚያን ጊዜ ከነዳጁም ከድንጋዩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከሲሚንቶው ሩቡ ወይም ሲሶው በአመድ ሲተካ፣ ያን ያህል ድንጋይ ከመጠበስ ይድናል። ጡብ በሚሠራበትም ጊዜ ለእርሻ የሚሆነው የላይኛው አፈር ከመቈፈር ይተርፋል። የሕንድ መንግሥት በ1999 ባወጣው ደንብ ከከሰል ኃይል ማመንጫዎች በ50 ኪሎ ሜትር ክልል ያሉ ጡብ ሠሪዎች አመድ እንዲጠቀሙ ያዘዘው ይህን አፈር ለማዳንና አመዱንም ከሜዳ ለማንሣት ነበር፤ በ2016 ክልሉን ወደ 300 ኪሎ ሜትር አሰፋው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ይህን ያነበበ ሰው የምድጃውን አመድ ከጭቃ ጋር ለውሶ ሲሚንቶ እንዳይጠብቅ። የእንጨትና የቤት ከሰል አመድ ሌላ ነው፤ ቀልጦ ብርጭቆ የሆነ ጭቃ የለበትም። እናቶቻችን ዕቃ ያጠቡበታል፤ እህል ከነቀዝ ይጠብቁበታል፤ ግድግዳ ግን አይሸከምም። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ጠባዩ አንድ አይሆንም።

አባቶቻችን ልጅ ከአባቱ ሲያንስ «እሳት አመድ ወለደ» ይላሉ። የማይረባው በሚረባው ሲዘብት ደግሞ «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይላሉ። በተረታችን ውስጥ አመድ የመጨረሻው ነገር ነው፤ ከእርሱ በታች የለም። ይህን የተናቀ ነገር አንሥቶ ድልድይና ትምህርት ቤት ያደረገ የሰው ልጅ እውቀት ሊመሰገን ይገባዋል። በአሜሪካ በሞንታና ግዛት በ1953 ሥራው ያለቀው የሀንግሪ ሆርስ ግድብ ከ100,000 ቶን በላይ እንዲህ ያለ አመድ በአርማታው ውስጥ ይዞ እስከ ዛሬ ውኃ ያቆማል። «ሌባን ካባ ማልበስ ነው» የሚለው ወገን ይህን ጥቅም ሊክደው አይችልም።

ማጽዳትና ማራቅ

ይሁን እንጂ ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ብዙ ጊዜ «አጸዳን» የተባለው ሥራ ማጽዳት ሳይሆን ማራቅ ነበር።

በዲሴምበር 1952 የለንደን ከተማ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ድረስ በከሰል ጭስና በጉም ተሸፈነች። ነፋስ አልነበረም፤ ጭሱ መውጫ አጣ። በዚያን ጊዜ ከልማዱ በላይ ሞተ ተብሎ የተቈጠረው ሰው ወደ 4,000 ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቍጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ሕጉ በየሰፈሩ የሚነደውን ጭሳም ከሰል ስለ ቀነሰ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ የተሞከሩትን ሌሎች መንገዶች እንመልከት።

በዚያችው ከተማ በቴምስ ወንዝ ዳር ያለው የባተርሲ ኃይል ማመንጫ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጭሱን በወንዙ ውኃ ያጥብ ነበር። ለዘመኑ ቀዳሚ ሥራ ነው። ይሁንና የታጠበበት ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር። ከሰማዩ የወረደውን ወንዙ ተቀበለው። ቀጥሎም ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ተሠሩ። በአቅራቢያው ያለው ሰው እፎይ አለ። ከእንግሊዝና ከሌሎች የአውሮጳ አገሮች የወጣው ድኝ ግን በነፋስ ተጭኖ በኖርዌይና በስዊድን አሲድ ያለበት ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ በብዙ ሐይቆች ውስጥ ዓሣ አለቀ። መንግሥታት በ1979 ድንበር ስለሚሻገር የአየር ብክለት በጄኔቫ ስምምነት እስኪፈርሙ ድረስ፣ የአንዱ አገር ንጽሕና የሌላው አገር እድፍ ሆኖ ቆየ።

አመዱስ? በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት ኪንግስተን በተባለው ቦታ፣ ከጭሱ የተያዘው አመድ በውኃ እየተለወሰ ለብዙ ዓመታት በአፈር ግድብ ውስጥ ይከማች ነበር። በዲሴምበር 22 ቀን 2008 ሌሊት ግድቡ ተደረመሰና ወደ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን የአመድ ጭቃ በወንዝና በመንደር ላይ ፈሰሰ። ልብ እንበል፤ ያ አመድ አየሩን እንዳያቈሽሽ ተብሎ የተያዘ ነበር። አርሰኒክና እርሱን የመሳሰሉ መርዞች አሉበት። አመዱን ሊጠርጉ ከተቀጠሩት ሠራተኞች ብዙዎቹ በኋላ ታመሙ፤ የሞቱም አሉ። በ2018 ጉዳዩን ያዩት የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪዎች የጽዳቱ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኞቹን ለመጠበቅ የነበረበትን ግዴታ አልተወጣም ብለው ፈረዱ። ከወንዙ የተጠረገው አመድ ብዙው በባቡር ተጭኖ ሄደ። የሄደውም ወደ አላባማ ግዛት ነው፤ ዩኒየንታውን በምትባል፣ አብዛኛው ነዋሪ ድኻና ጥቁር በሆነባት ትንሽ ከተማ አጠገብ ተደፋ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው በማጽዳትና በማራቅ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ማጽዳት ማለት መርዙ መጕዳቱን እንዲያቆም፣ ወይም ለዘለቄታው እንዲታሰር ማድረግ ነው። ማራቅ ማለት ከራስ ዓይን ወደ ሌላው ሳንባ ማሻገር ነው። በአርማታ ውስጥ የታሰረ አመድ ከመጀመሪያው ወገን ነው። በሜዳ የተከመረ፣ ነፋስ የሚያነሣውና ዝናብ ወደ ጕድጓድ ውኃ የሚያወርደው አመድ ከሁለተኛው ነው። ሁለቱም በመዝገብ ላይ «የተያዘ» ተብለው ይጻፋሉ።

በማናቸውም ጡብ ውስጥ የማይገባ ነገርም አለ። ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ስለሚዋሐድ፣ 12 ኪሎ ካርቦን ነዶ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ወደ ሰማይ የሚወጣው ከነደደው ራሱ በክብደት ይበልጣል። የተሻለ ማመንጫ ለዚያው ኤሌክትሪክ ያነሰ ከሰል ሊበቃው ይችላል፤ ከነደደው ከሰል የሚወጣው ጋዝ ግን እሳቱ ስለ ጠራ አይቀንስም። እንዲያውም የጠራ እሳት ማለት ካርቦኑ ሁሉ ወደዚህ ጋዝ ተለወጠ ማለት ነው። በአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ይገኛል፤ የድንጋይ ከሰል የሚነደው ይበልጡን በሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነው። በሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ የከሰሉ አመድ እዚያው ከድንጋዩ ጋር ቀልጦ የሲሚንቶው አካል ይሆናል። አንድ እፍኝ አመድ እንኳ የማይተርፍበት እሳት ነው፤ ጋዙ ግን ይወጣል። ጋዙን ይዞ ከመሬት በታች መቅበር እንደሚቻል በካናዳ በባውንደሪ ዳም ጣቢያ በ2014 በተጀመረው ሥራ ታይቷል። ነገር ግን በዓለም ካሉት የከሰል ማመንጫዎች እንዲህ የሚያደርጉት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሙቀትን አፍኖ የምድርን አየር ጠባይ ይለውጣል። ዝናቡ የተዛባበት አርብቶ አደር እሳቱን ያነደደውን ሰው አያውቀውም፤ አንዳጁም እርሱን አያውቀውም።

ዕዳው የማን ነው?

እኛ መምህራን ልንረሳው የማይገባን አንድ ታሪክ አለ። በዌልስ አገር አበርፋን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር፣ ከማዕድኑ ጕድጓድ የሚወጣው የማይፈለግ አፈርና ድንጋይ ከመንደሩ በላይ በተራራው ላይ ይከመር ነበር። በኦክቶበር 21 ቀን 1966 ጧት ክምሩ ውኃ ጠጥቶ ተንሸራተተና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ከነተማሪዎቹና ከነመምህራኑ ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ጉዳዩን የመረመረው ሸንጎ ጥፋቱ የመንግሥት የከሰል ቦርድ ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከአደጋው የማይተናነስ ትምህርት ይሰጣል። የቀሩት ክምሮች ከመንደሩ በላይ እንዳሉ ነበሩና «ይነሡልን» ብለው የመንደሩ ሰዎች ጠየቁ። ለማንሻው 150,000 ፓውንድ የተወሰደው ለሐዘንተኞቹ ርዳታ ከሕዝብ ከተዋጣው ገንዘብ ነበር። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ።

«ትርፍ» እና «ትርፍራፊ» ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። በሥራ ዓለም ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ትርፉ ወደ አንድ ቤት ይገባል፣ ትርፍራፊው በሌላው ደጅ ይደፋል። ፍትሕ የሚጠይቀው ሁለቱ እንዳይለያዩ ነው። ትርፉን የወሰደ ትርፍራፊውንም ይውሰድ።

ስለዚህ «አጸዳሁ» የሚል ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። አንደኛ፤ የቀረውን ማን ይተነፍሰዋል፣ ማንስ ይጠጣዋል? ሁለተኛ፤ ማን ይሸከመዋል፣ ወጪውንስ ማን ይከፍላል? ሦስተኛ፤ የሚሸከመው ሰው አስቀድሞ ተጠይቋልን? ለሦስቱም በቂ መልስ ያለው ሰው ወደ ንጽሕና ቀርቧል። መልስ የሌለው ግን ጡቡ ምንም ያህል ቢያምር ገና ዕዳ አለበት።

በዚህ ላይ ከወጣቶቻችን የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ሀብታሞቹ አገሮች ከሰል አንድደው ከበለጸጉ በኋላ እኛን ድኾቹን አታንድዱ ማለታቸው፣ የጠገበ ሰው ለራበው ስለ ጾም እንደ መስበኩ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። በለንደን የመጀመሪያው የሕዝብ የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1882 ነው፤ እንግሊዝ የመጨረሻውን የዘጋችው በ2024 ነው። 142 ዓመት ሙሉ ከነደደ እሳት የተገኘውን ሀብት ይዞ ሌላውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ዕዳው የሚበዛው ብዙ ባነደደው ላይ ነው፤ የድኻውን አገር ሌላ ዓይነት ኃይል እንዲያገኝ መርዳትም ከዚያ ዕዳ ይቈጠራል። ነገር ግን ከዚህ እውነት «እንግዲያውስ እኛም እንደ ፈቀድን እናንድድ» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። በድኻ አገር የሚነደው ከሰል ጥላሸቱ በመጀመሪያ የሚወርደው በሀብታሞቹ አገሮች ላይ አይደለምና፤ በዚያው አገር ድኾች ላይ ነው። በኬንያ ጠረፍ በላሙ አጠገብ 1,050 ሜጋዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ታቅዶ በ2016 ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። በ2019 የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ሸንጎ ፈቃዱን ሰረዘው፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በሚገባ አለመጠየቁ ነበር። አቤቱታውን ያቀረቡት ከሩቅ የመጡ ሰባኪዎች አልነበሩም፤ የላሙ ሰዎች ነበሩ። ሦስተኛውን ጥያቄ የጠየቁት ራሳቸው ተሸካሚዎቹ ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ እንዲህ የሚል ነው፤ «ነገሩ እንደምትሉት ከሆነ ንጹሕ የሚባል ሰው የለም። እኛም በየቀኑ እንጨትና ከሰል እናነዳለን።» ይህም እውነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ገምቶታል፤ ጭሱን ይበልጥ የሚተነፍሱትም እናቶችና በጀርባቸው ያሉ ሕፃናት ናቸው። ነገር ግን ፍጹም ንጽሕና ስለማይገኝ መታጠብ ከንቱ ነው አይባልም። የተበደረ ሰው ሙሉውን መክፈል ባይችል የቻለውን ይከፍላል፤ ከፊሉን ስለ ከፈለ ግን የብድሩን ወረቀት አይቀድም። አመዱን ጡብ ያደረገ ከዕዳው ከፊሉን ከፍሏል፤ ይመስገን። ወረቀቱ ግን አልተቀደደም። «ከሰል ምን ጊዜም ከሰል ነው» የሚለው ወገን የተከፈለውን አይቈጥርም፤ «ምን በደል ቀረ?» የሚለው ወገን ደግሞ የቀረውን አይቈጥርም።

ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ፤ እርሱም ጥቅሙ ራሱ ምክንያት ሲሆን ነው። ከሰል ማንደድ በቀነሰባቸው አገሮች ሲሚንቶ ሠሪዎች አመድ እያጠራቸው ከሌላ አገር ያስመጣሉ፤ የድሮ ክምሮችንም ቈፍረው ያወጣሉ። የድሮውን ክምር ማውጣት የተረሳ ዕዳ መክፈል ነውና መልካም ሥራ ነው። «አመዱ እንዳይቀርብን እሳቱ ይቀጥል» የሚል ሰው ቢነሣ ግን ነገሩ ተገልብጧል። መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ቁስል አይፈለግም።

ወደ ደጃችን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር የሚመስለው አንባቢ ካለ በካምፓችን ውስጥ ዙሪያውን ይመልከት። ለመጠለያችን የምንሠራው የጭቃ ጡብ ከመሬት ይወጣል። ጡብ በተሠራ ቍጥር ጕድጓድ ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ውኃ ያቍራል፤ ትንኝ ይራባበታል፤ ማታ የሚያልፍ ሰው፣ ቀን የሚጫወት ሕፃን ይወድቅበታል። ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ጕድጓዱ ግን የብሎኩ ሁሉ ነው። ጡቡን የሠራው ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ከፀሐይና ከዝናብ ያስጠለለ አባት ነው። ነገር ግን ቤቱ ማስጠለሉ ጕድጓዱን አይደፍነውም። አንዳንዱም «ጕድጓዱን የቆሻሻ መጣያ አድርገነዋልና ጥቅም ላይ ውሏል» ይላል። ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህም እንጠይቅ። ሽታውን ማን ይተነፍሰዋል? ዝንቡን ማን ይሸከመዋል? ጎረቤቱስ ተጠይቋልን? እንግዲህ የሚቈፍር ሰው ከመቈፈሩ በፊት ለጎረቤቶቹ ይንገር፤ ሥራው እስኪያልቅ ጕድጓዱን በእሾህ ይጠር፤ ሲያበቃም ይድፈን። አቅመ ደካማ ከሆነ በደቦ እንደፍንለት። ለዚህ የሌላ ሰው በጀትና ፈቃድ አያስፈልገንም።

ከመካከላችን ደግሞ «እኛም የአገራችን እሳት የተፋን አመድ ነን፤ ጡብ ሆነን ለሰው እንጥቀም» የሚል ወንድም አለ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግማሹንም እንቀበላለን። በስደት ያለ መምህር በዛፍ ጥላ ሥር ያስተምራል፤ ነርሷ ታዋልዳለች፤ አናጢው በር ይሠራል። ይህ ሁሉ ጥቅም ነው፤ የሚያኰራም ነው። ሆኖም ሁለት ነገር እንጨምርበታለን። አንደኛ፤ ሰው አመድ አይደለም። ሕመምተኛው፣ ሽማግሌው፣ ሐዘን ልቡን የሰበረው ሁሉ ምንም ባይሠራ ሰው ነው፤ ክብሩን በጡብነት እንዲያስመሰክር አይጠየቅም። ሁለተኛ፤ በስደት ያፈራነው ፍሬ ላሳደደን ክፍል የመከላከያ ምስክር አይሆንም።

የዮሴፍን ታሪክ ክርስቲያኑም እስላሙም ያውቀዋል። ወንድሞቹ ሸጡት፤ በሰው አገር እስረኛ ሆነ፤ በኋላም በረኀብ ዘመን አገር የሚመግብ፣ እነዚያኑ ወንድሞቹንም ከሞት ያዳነ ሰው ሆነ። በደሉ ወደ በጎ ተለወጠ ብሎ መናገር የቻለው ግን የተሸጠው ዮሴፍ ነው። የሸጡት ወንድሞች ያን ቃል አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ ድፍረት በሆነ ነበር፤ የእነርሱ ድርሻ መጸጸትና ምሕረት መለመን ነበር። አንድ ቀን «እነሆ ተሰደው ተማሩ፣ ሠሩ፣ ለዘመዶቻቸውም ገንዘብ ላኩ፤ ታዲያ ምን ተጐዱ?» የሚል ሰው ይመጣል። ለእርሱ የምንሰጠው መልስ ለከሰል ባለቤቱ የምንሰጠው ነው፤ የግድግዳው ጥንካሬ ለሠሪው ይመሰክርለታል፣ ለአንዳጁ ግን አይመሰክርለትም።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ትርፍራፊን ለጥቅም ማዋል ግዴታ ነው፤ ግዴታን መፈጸም ደግሞ ያመሰግናል እንጂ ሌላውን ግዴታ አይሰርዝም። አመዱን ጡብ የሚያደርገውን እናመስግን፤ ዕውቀቱንም እንማር። ሦስቱን ጥያቄዎች ሳይመልስ «ንጹሕ ነኝ» ሲለን ግን፣ ጭሱ እንደ ጸዳ ተቀብለን ስለ ቀረው እንጠይቀው።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ አንባቢ ሐሳቡን ጽፎ ለዝግጅት ክፍላችን ቢሰጥ፣ ወረቀት እስካልቸገረን ድረስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን። ስለ ጕድጓዶቹ ግን ክርክር የሚያስፈልግ አይመስለንም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለው ጉልበቱን ይዞ በየብሎኩ ደቦ እንውጣ።